ከተማዋ ውሾቿን የጣለችበት ደሴት

ከኢስታንቡል ደቡብ ምሥራቅ፣ በማርማራ ባሕር ላይ፣ የልዑላን ደሴቶች የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች ተበትነው ይገኛሉ። ትልልቆቹ የጥድ ዛፍና የእንጨት ቪላ የሞላባቸው፣ ከተሜው ቅዳሜና እሑድ በጀልባ እየተሻገረ የሚናፈስባቸው ናቸው። አንዷ ግን ራቅ ብላ ብቻዋን የቆመች አለት ናት። ሲቭሪአዳ ትባላለች። ከባሕሩ 90 ሜትር ያህል ሽቅብ ሾላ የወጣች ስትሆን የምንጭ ውኃ የላትም። የኢስታንቡል ሰው ሃይርሲዛዳ፣ «የማትረባው ደሴት» ብሎ ሌላ ስም አውጥቶላታል። በ1902 ዓ.ም መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1910 አጋማሽ፣ የኦቶማን መንግሥት በዋና ከተማው ጎዳናዎች ይኖሩ የነበሩ ውሾችን በጀልባ እያስጫነ እዚህች አለት ላይ አራገፋቸው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑን የጻፉ ሰዎች በቁጥሩ አይስማሙም፤ አንዳንዱ 30 ሺህ ሲል ሌላው 80 ሺህ ያደርሰዋል።

ስለ ተጣለ እንስሳ ሲወራ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ቡችላውን በካርቶን አድርጎ ገበያ ዳር ትቶ የሚሄድ ሰው፣ ወይም ቤት ሲቀይር ድመቱን የሚረሳ ቤተሰብ ነው። የኢስታንቡሉ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የጣለው መንግሥት ነው፤ የተጣሉት ውሾች ደግሞ ቀድሞውንም የማንም አልነበሩም። የማንም አልነበሩም ማለት ግን ሰው አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነገሩ የሚገባውም ከዚህ ሲጀመር ነው።

በኦቶማን ዘመን ኢስታንቡል፣ የእኛ የድሮ መጻሕፍት ቁስጥንጥንያ የሚሏት ከተማ፣ በማሃሌ የተከፋፈለች ነበረች፤ ማሃሌ ማለት ሰፈር ነው። ሰፈሩ የራሱ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም ምኩራብ፣ የራሱ ዳቦ ጋጋሪ፣ የራሱ የሌሊት ዘበኛ ነበረው። የራሱ ውሾችም ነበሩት። ውሾቹ ወሰናቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ከሌላ ሰፈር የመጣን ውሻ ተባብረው ያባርሩታል። በሌሊት የሚመጣ እንግዳን በጩኸት ያስታውቃሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው እዚያም እውነት ነበር፤ በጠገቡበት ሰፈር ይጮሁለት ነበር። ነዋሪው ቆሻሻውን ደጃፉ ላይ ያፈሳል፤ አብዛኛውን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛ በማይበቃበት ከተማ ይህ ቀላል አገልግሎት አይደለም።

ሰፈሩም ዝም ብሎ አልተመለከታቸውም። ለወለደች ውሻ ግድግዳ ጥግ ላይ መጠለያ የሚሠራላት አይጠፋም። ማንጃጂ የሚባሉ፣ ጉበትና ሳንባ በእንጨት ላይ ሰክተው የሚዞሩ ነጋዴዎችም ነበሩ፤ ሰው ከእነሱ ሥጋ ይገዛና ለራሱ ሳይሆን ለመንገድ ውሾችና ድመቶች ይሰጣል። ለነፍሱ ያደረ ሀብታም ደግሞ እንስሳት የሚመገቡበትን ገንዘብ በዋቅፍ፣ ማለትም በዘላቂ የሃይማኖት በጎ አድራጎት ንብረት፣ አስሮ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውሻው ቤት አይገባም። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የውሻ ምራቅ ያረክሳል የሚለው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አለው። በአንጻሩ የተጠማ ውሻን ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተሠረየለት የሚናገር ሐዲስም አለ። የከተማው ሰው ሁለቱን አስታርቆ ይኖር ነበር፤ ውሻው ከደጅ ይቀራል፣ ምግቡ ግን ወደ ደጅ ይወጣል። ውሻን ከግቢ አሳልፎ ወደ ሳሎን ማስገባት እስከ ቅርብ ጊዜ የማይታሰብበት አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የተቸገሩት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ነበሩ። በ1867 ከተማዋን ያየው አሜሪካዊው ማርክ ትዌይን ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ለውሾቹ ረጅም ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ መንገድ መሐል ተኝተው ለማንም የማይነሱ፣ የከሱና የቆሰሉ ፍጥረታት አድርጎ ሥሏቸዋል። ጣሊያናዊው ኤድሞንዶ ደ አሚቺስም በ1870ዎቹ ስለ ቁስጥንጥንያ በጻፈው መጽሐፍ ላይ እንዲሁ ብዙ ገጽ አውጥቶላቸዋል። በ1871 በፈረስ የሚጎተት ትራም ሥራ ሲጀምር ቫርዳጂ የሚባሉ ሠራተኞች ከፈረሶቹ ፊት ፊት እየሮጡ መንገድ ያስለቅቁ ነበር፤ ከሚያስለቅቋቸው መካከል ሰውም ውሻም አለ። ለጎብኚ ይህ ትርኢት ነው። በፓሪስ ቡልቫሮች ዓይኑን ለከፈተ የኦቶማን ባለሥልጣን ግን ኀፍረት ነበር፤ ጎብኚዎቹ የጻፉትን እሱም አንብቦታል።

ውሾቹን ወደ ደሴት የማጋዝ ሐሳብ የ1910ዎቹ ሰዎች ፈጠራ አልነበረም። ዳግማዊ ሱልጣን ማህሙድ (ከ1808 እስከ 1839 የነገሡት) ጦሩንና አለባበሱን በአውሮፓ መልክ ሲያድሱ ውሾቹንም ለማስወገድ እንደሞከሩ ይነገራል። ከ1861 እስከ 1876 በነገሡት በሱልጣን አብዱልአዚዝ ዘመንም ውሾች ወደ ሲቭሪአዳ ተወስደው ነበር። የሁለተኛው ሙከራ መጨረሻ በከተማው አፍ ላይ እንዲህ ሆኖ ቆይቷል፦ ውሾቹ ከሄዱ በኋላ ከባድ እሳት ተነሣ፣ ሕዝቡም ቁጣ ወረደብን አለ፣ ውሾቹም እንዲመለሱ ተደረገ። ኢስታንቡል የእንጨት ቤት ከተማ ስለነበረች እሳት በየጊዜው ይበላት ነበር፤ ውሾች ቢኖሩም ባይኖሩም መቃጠሏ አይቀርም። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ያዘዘውን ነገር ሰፈር በቁጣ ወሬ ማስቀልበስ መቻሉ የማሃሌን ጉልበት ያሳያል።

በዳግማዊ አብዱልሃሚድ ዘመን መንገዱ ሌላ ሆነ። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅን በክትባት ማትረፉ ሲሰማ፣ ሱልጣኑ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ሐኪሞችና አንድ የእንስሳት ሐኪም ወደ ፓሪስ ላኩ። ልዑካኑ ለፓስተር የመጂዲዬ ኒሻንና ለሚቋቋመው ተቋም የሚውል 10 ሺህ ፍራንክ ይዘው ሄዱ፤ በምትኩ ሙያውን ተምረው ተመለሱ። በ1887 በኢስታንቡል የእብድ ውሻ በሽታ ሕክምና ተቋም ተከፈተ፤ በዓለም ላይ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ለጊዜው መልሱ ይኸው ሆነ፤ የተነከሰ ሰው ይታከማል፣ ውሻውም በመንገዱ ይቀጥላል። ሱልጣኑ በብዙ ነገር ጨካኝ ተብለው የሚታወሱ ናቸው። በውሾቹ ጉዳይ ግን ከተከታዮቻቸው የተሻለ መንገድ ይዘው እንደነበር መካድ አይቻልም።

በ1908 የወጣት ቱርኮች አብዮት ሕገ መንግሥቱን መለሰ፤ በሚያዝያ 1909 ሱልጣኑ ከዙፋን ወረዱ። አዲሶቹ ገዢዎች ቸኩለው ነበር። ሰፊ ጎዳና፣ የኤሌክትሪክ ትራም፣ ንጹሕ የእግረኛ መንገድ ይፈልጋሉ። አሮጌው ሥርዓት በዓይን ከሚታይባቸው ነገሮች ሁሉ ለመነካት የሚቀለው ደግሞ መንገድ ላይ የተኛው ውሻ ነበር። ቤት አፍርሶ መንገድ ማስፋት ገንዘብና የካሳ ክርክር ይጠይቃል፤ ውሻ ለመያዝ የሚያስፈልገው መያዣ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የከተማዋን የባክቴሪያ ጥናት ተቋም ይመራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖል ረምሊንዤ አንድ ዕቅድ አቀረበ። ረምሊንዤ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1903 ከኦቶማናዊው ባልደረባው ከሪፋት በይ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አምጪ ረቂቅ ተሕዋስ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ ያሳየ ተመራማሪ ነው። ዕቅዱ ደረቅ ስሌት ነበር፤ ውሾቹ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጋዝ ይገደሉ፣ ቆዳቸው፣ ጸጉራቸው፣ አጥንታቸውና ስባቸው ለፋብሪካ ይሸጥ። የአንዱን ውሻ ዋጋ 3 ወይም 4 ፍራንክ ገምቶ፣ በከተማዋ ያሉትን ውሾች ከ60 እስከ 80 ሺህ አድርጎ፣ ጠቅላላ ገቢውን ከ200 ሺህ እስከ 300 ሺህ ፍራንክ አደረሰው።

መንግሥት አልተቀበለውም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በመልካም ሲያነሱት ይታያል፤ እምቢታው ግን ከርኅራኄ ይልቅ ከሕዝቡ ፍርሃት የመጣ ይመስላል። ውሻን በጅምላ ማስገደል ሃይማኖተኛውን ሕዝብ ያስቆጣል። ዝም ብሎ መተውም አይቻልም፤ ዘመናዊ ነኝ ያለ መንግሥት ነው። በመሐል የተገኘው መላ ደሴቱ ነው። ማንም ቢላዋ አላነሣም፣ ማንም ጋዝ አልከፈተም፤ ውሾቹ «ተዛወሩ» እንጂ አልተገደሉም። ቀሪውን ፀሐይና ጥም ይሠራዋል።

የአያያዙ ሥራ ሙያ ለሌላቸው ድሆች ተሰጠ። ትላልቅ የእንጨት መቆንጠጫ ይዘው ውሻውን አንገቱን ወይም ወገቡን እየያዙ በፍርግርግ ሣጥን ያስገባሉ፤ ሣጥኖቹ በጋሪ ወደ ወደብ፣ ከወደብ በጀልባ ወደ ደሴቱ ይሄዳሉ። በየሰፈሩ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሣጥን ሰብሮ ውሾቹን የለቀቀ፣ ግቢው ውስጥ የሸሸገ ሰው ነበር። ይህ ተቃውሞ የመጣው ከሠለጠነው ወገን ሳይሆን ከድሃውና ከሃይማኖተኛው ሰፈር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ማሃሌ ተሸነፈ። አብዱልአዚዝ የሰፈር ወሬ ያስፈራቸው ነበር፤ ለአዲሶቹ መኮንኖችና ሐኪሞች ወሬው የሚጠፋ ድንቁርና ነው።

በሲቭሪአዳ የሆነውን ለመገመት ብዙ አያስቸግርም፤ መገመትም አያስፈልግም፣ ያዩ ሰዎች ጽፈውታል። መጀመሪያ ላይ የተወሰነ ምግብና ውኃ ይወሰድላቸው ነበር፤ በቂ አልነበረም። ውሾቹ ጥም ሲበዛባቸው ወደ ባሕሩ እየገቡ ጨዋማውን ውኃ ጠጡ፣ የሞተውን በሉ፣ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተበላሉ። መርከብ በአጠገባቸው ሲያልፍ እየዋኙ ሊደርሱበት ሞከሩ። ነፋስ ወደ ከተማው ሲነፍስ ጩኸታቸው፣ ከዚያም ሽታቸው ዋናው ምድር ድረስ እንደመጣ ተመዝግቧል። በ«ሴም» የብዕር ስም የሚታወቀው የፓሪስ ካርቱን ሠዓሊ ቦታውን አይቶ ጽፏል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በደሴቱ ዳርቻ የተሰለፉትን ውሾች የሚያሳይ ፎቶ ፖስታ ካርድ ሆኖ መሸጡ ነው። አገር ጎብኚው ከመስጊዱና ከወደቡ ሥዕል ጋር እሱንም ገዝቶ ቴምብር ለጥፎ ወደ ቤቱ ይልክ ነበር።

ደሴቶቹ ለዚህ ሥራ መመረጣቸው ድንገት አይደለም። ከኦቶማኖች በፊት የነበሩት የቢዛንታይን ነገሥታት የጠሏቸውን መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ወራሾች የሚያግዙት ወደ እነዚሁ ደሴቶች ገዳማት ነበር፤ የስማቸውም መነሻ ይኸው ነው። ንግሥት ኢሬኔ በ802 ከዙፋን ስትወርድ መጀመሪያ የተላከችው ከእነዚሁ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ወደ ፕሪንኪፖ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ከሶቭየት ኅብረት የተባረረው ትሮትስኪ ከ1929 እስከ 1933 እዚያው ደሴት ላይ ተቀመጠ። የሲቭሪአዳ ጎረቤት የሆነችው ያሲአዳ ደግሞ በ1960 በመፈንቅለ መንግሥት የወረዱት ጠቅላይ ሚኒስትር አድናን መንደሬስ የተከሰሱባት ናት። ከተማዋ አጠገቧ እንዲኖርም በእጇ እንዲሞትም የማትፈልገውን ፍጡር የምታስቀምጥበት የቆየ ልማድ ነበራት፤ በ1910 ልማዱ ወደ ውሾቹ ወረደ።

ሁሉም ውሻ በአንድ ዓመት አላለቀም። ከ1912 እስከ 1914 ከንቲባ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ጀሚል ቶፑዝሉ ሥልጣን ሲይዙ በከተማዋ የቀሩ 30 ሺህ ያህል ውሾችን ቀስ በቀስ እንዳስወገዱ በማስታወሻቸው ጽፈዋል፤ ሲጽፉት እንደ አንድ የሥራ ውጤት ነው። በዚያው ዘመን በነሐሴ 1912 በማርማራ ዳርቻ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፣ በጥቅምት የባልካን ጦርነት ፈነዳ፣ መንግሥቱ በአውሮፓ ያለውን ግዛት ከሞላ ጎደል አጣ። ሰፈር ለሰፈር ሰው የውሾቹ ግፍ ነው ብሎ ማውራቱን አልተወም። እሳቱን ያየ ትውልድ ልጆች ናቸውና ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም። ውሾቹ ግን በዚህ ጊዜ አልተመለሱም።

ድመቶቹስ? ማንም አልነካቸውም። በወደብ ከተማ፣ በእህል መጋዘንና በእንጨት ቤት መካከል፣ አይጥ የሚይዝ እንስሳ ጠላት የለውም። ድመት ሲያልፉ አይጮህም፣ የትራም ሐዲድ ላይ አይተኛም፣ በእስልምናም ንጹሕ ነው። ስለዚህ የኢስታንቡል ድመት የማሃሌውን ሥርዓት ሳይቋረጥበት ይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል፤ የማንም ሳይሆን የሁሉም ሆኖ። በ2016 የወጣውና የጄይዳ ቶሩን ሥራ የሆነው «ኬዲ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እነዚህን ድመቶች በዓለም ዙሪያ አሳወቃቸው። በዚያው ዓመት በካዲኮይ ሰፈር የእግረኛ መንገድ ላይ ክንዱን አስደግፎ የሚቀመጥ ቶምቢሊ የሚባል ድመት ሲሞት በነዋሪው ጥያቄ የነሐስ ሐውልት ቆመለት። በ1910 ውሻ ያጣውን ርኅራኄ ድመት ያገኘው የተሻለ ፍጡር ሆኖ ሳይሆን ለዘመናዊ ትራፊክ ስላልከበደ ነው።

ውሾቹም ቢሆኑ በጊዜ ተመለሱ፤ ከተማው አደገ፣ ቆሻሻው በዛ፣ ሰፈሩ መመገቡን ቀጠለ። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙውን ጊዜ በመርዝና በጥይት አለፈ። ለውጡ የመጣው በ2004 ነው፤ 5199 ቁጥር ያለው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች ባለቤት የሌለውን እንስሳ ይዘው፣ አምክነውና ከትበው፣ ወደ ተያዘበት ቦታ እንዲመልሱት አዘዘ። ሕጉ ሳያውቀው የማሃሌን አሮጌ ውል ወደ ወረቀት መለሰው። ለሸቀጥ ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል የሚመላለስ ነጋዴ በታክሲም አደባባይ ጆሮው ላይ የፕላስቲክ ምልክት የተሰካበት ትልቅ ውሻ ሱቅ በር ላይ ተዘርግቶ ሲያይ የሚያየው ይህንን ሕግ ነበር፤ ምልክቱ የተከተበና የመከነ መሆኑን ይናገር ነበር። በ2021 ደግሞ ቦጂ የተባለ ውሻ በራሱ ፈቃድ በሜትሮ፣ በትራምና በጀልባ እየተሳፈረ ሲዞር ማዘጋጃ ቤቱ መከታተያ አድርጎለት በቀን እስከ 30 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ታወቀ፤ ከተማው ወደደው፣ ጋዜጣው ወደደው። ቫርዳጂው በዱላ ያባርረው የነበረው ውሻ ዘር በመጨረሻ ትራሙ ላይ ወንበር አገኘ።

የሕጉ ድክመት ሥራው ላይ ነበር። ማምከን ገንዘብና የእንስሳት ሐኪም ይፈልጋል፤ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ሁለቱንም አላሟሉም፤ ውሻው ከማምከኑ ፍጥነት በልጦ ተዋለደ። ባለቤቶችም ቡችላ ገዝተው ሲያድግባቸው ከከተማ ዳር ጫካ ጣሉት። በመንጋ የሚዞሩ ውሾች ሕፃናትን ነክሰው ማቁሰላቸው፣ ከዚያም የሞቱ መኖራቸው፣ ወላጆችን አደባባይ አወጣ። ይህ ቁጣ የድሮዎቹ ሹማምንት የአውሮፓ ኀፍረት አይደለም፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ድሃ ሰው ቁጣ ነውና በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም።

መንግሥት በመላ አገሪቱ 4 ሚሊዮን ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ ብሎ ገመተ፤ ፓርላማው በሐምሌ 30 ቀን 2024 በ275 ድጋፍና በ224 ተቃውሞ ሕጉን አሻሻለ። «ወደ ቦታው ይመለስ» የሚለው ቀረ። አሁን ውሻ ይያዛል፣ ይከተባል፣ ይመክናል፣ አሳዳጊ እስኪያገኝ በመጠለያ ይቆያል፤ ለሰው አደገኛ የሆነው ወይም ሊድን የማይችል በሽታ ያለበት ይገደላል። ግዴታውን ያልተወጣ ከንቲባ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። በክርክሩ ወቅት በየሰልፉ የተነሣው ስም ሃይርሲዛዳ ነበር። ስለ እነዚያ ውሾች የሚተርከው፣ የአርመን ትውልድ ያለው የሰርዥ አቬዲኪያን አጭር አኒሜሽን ፊልም በ2010 ካን ላይ ታላቁን የአጫጭር ፊልም ሽልማት አግኝቶ ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች ንጽጽሩ አያስኬድም ይላሉ፤ መጠለያ ምግብና ሐኪም አለው፣ አለቱ አልነበረውም።

ልዩነቱ እውነት ነው፤ የሚቆመውም በአንድ ስሌት ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ በአገሪቱ የነበሩት 322 መጠለያዎች በጠቅላላው የሚይዙት 105 ሺህ ውሻ ነበር። ተቃዋሚው የሕዝብ ሪፐብሊካን ፓርቲ ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱ በ2025 አቤቱታውን አልተቀበለም። ማዘጋጃ ቤቶች የጎደለውን መጠለያ ሠርተው እንዲጨርሱ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ 2028 መጨረሻ ነው። የሚሠሩትም በአብዛኛው ከከተማ ውጪ፣ ጉበት የሰካ ማንጃጂም ሆነ ዳቦ የያዘች የሰፈር አሮጊት በእግር በማትደርስበት ቦታ ነው።